የመርጃን መቁጠሪያ በሺያህ ገበያ፦ የማጣራት ወጪ ማን ላይ ይወድቃል?

ሺያህ በደቡባዊው የቤይሩት ዳርቻ የሚገኝ፣ የሺዓ ሙስሊሞች የሚበዙበት፣ ሆኖም የማዘጋጃ ቤቱ ወሰን ክርስቲያኖች የሚኖሩበትን ዐይን ኤል ሩማነህን ጭምር የሚያካትት አካባቢ በመሆኑ፣ መቁጠሪያ ከሁለቱም ወገን እጅ የማይጠፋ ዕቃ ነው። ሙስሊሙ 33 ወይም 99 ዶቃ ያለውን መስበሃ (በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ዘንድ ሙስበሃ ወይም ተስቢህ የሚባለውን) ሲይዝ፣ ማሮናዊው ክርስቲያን በየአሥሩ ዶቃ የተከፈለውን የካቶሊኮች መቁጠሪያ ይይዛል። ከሸክላ፣ ከእንጨት ወይም ከተራ ብርጭቆ የተሠራው ርካሽ ስለሆነ ገዥን የሚያስጨንቅ ነገር የለውም፤ ጥያቄ የሚነሣው ሻጩ ዶቃው «መርጃን»፣ ማለትም ቀይ ኮራል፣ ነው ብሎ ዋጋውን በብዙ እጥፍ ሲያንረው ነው።

ቀይ ኮራል ድንጋይ ቢመስልም፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በኅብረት የሚገነቡት የካልሲየም ካርቦኔት አጽም ነው። የሜዲትራኒያኑ ዝርያ ውፍረት በዓመት ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ብቻ ስለሚጨምር፣ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዶቃ የሚወጣለት ቅርንጫፍ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። የሜዲትራኒያን ጠቅላላ የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ጥልቀቱ ከ50 ሜትር ባነሰ ውኃ ውስጥ ኮራል እንዳይለቀም በ2011፣ ከሥሩ 7 ሚሊሜትር ያልሞላ ቅርንጫፍ እንዳይቆረጥ ደግሞ በ2012 ደንግጓል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ዋጋ ቢጨምርም አቅርቦቱ ተከትሎ አያድግም፤ ኢኮኖሚስቶች የአቅርቦት አለመለጠጥ የሚሉት ይህንኑ ነው። ክፍተቱን የሚሞሉት ደግሞ ተተኪዎች ናቸው፦ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆ፣ የድንጋይ ዱቄትን በማጣበቂያ አዋህዶ የተጋገረ ዶቃ፣ ከሁሉም በላይ ግን በተፈጥሮው ነጣ ያለና እንደ ቀርከሃ አንጓ ያለው «የቀርከሃ ኮራል» በቀይ ቀለም ተነክሮ ይቀርባል።

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመውና በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛ በሆነው ጥናቱ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ በማያውቅበት ገበያ ውስጥ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን እንደሚያስወጣ ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ አሳይቷል። ስሌቱ ለመቁጠሪያም ይሠራል። እውነተኛው 400 ዶላር፣ የተነከረው 20 ዶላር ያወጣል፣ በገበያውም እኩል በእኩል ይገኛሉ እንበል፤ መለየት የማይችል ገዥ ከአማካዩ ከ210 ዶላር በላይ አይከፍልም፣ በዚህ ዋጋ እውነተኛውን የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ አይገኝም፤ የሚቀረው ቀለም የነከረው ብቻ ነው።

ገዥው ራሱን የሚከላከልባቸው መፈተኛዎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን እኩል አይደለም። በብዙዎች ዘንድ የታመነው የአሲድ ጠብታ ነው፤ ኮራል ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ይሁን እንጂ ይህ ፍተሻ ዶቃውን ከማበላሸቱም በላይ የተነከረው የቀርከሃ ኮራልም፣ ከባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተሠራውም ካርቦኔት ስለሆኑ እኩል አረፋ ያወጣሉ፤ ስለዚህ ዝነኛው ፍተሻ ዋነኛውን ማታለያ ጨርሶ አይለይም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሆነው አሴቶን በጥጥ ሲታሸት ተራ ቀለምን ቢያስለቅቅም፣ በሰም ወይም በሙጫ የታሸገውን ላይነካው ይችላል። ከኬሚካሉ ይልቅ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይበልጣል፤ በእውነተኛው ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ጎን ለጎን የሚሄዱ ስስ መስመሮች ሲታዩ፣ በቀርከሃ ኮራል ላይ መስመሮቹ ሻካራና የተራራቁ ናቸው፣ ቀለሙም በስንጥቁና በክሩ ቀዳዳ አፍ ላይ ተጠራቅሞ ይገኛል። በቀዳዳው ውስጥ ነጭ መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውድ ኮራሎች አንዳንዶቹ በተፈጥሯቸው ነጭ እምብርት አላቸውና። ፕላስቲክ በክብደት ይጋለጣል፣ የኮራል እፍጋት ከውኃ 2.6 እጥፍ ያህል ሲሆን የብዙው ፕላስቲክ ከ1.5 አይበልጥም፤ ብርጭቆ ደግሞ በውስጡ በሚታዩት የአየር አረፋዎች። ቁርጥ ያለ ፍርድ የሚሰጠው ግን የቀለሙን ተፈጥሯዊነት በጨረር የሚመረምር የከበሩ ድንጋዮች ላቦራቶሪ ነው።

የላቦራቶሪ ክፍያ የመቁጠሪያውን ዋጋ ተከትሎ ከፍና ዝቅ አይልም። ክፍያው 50 ዶላር ቢሆን፣ የ1,000 ዶላሩ ገዥ ያለማመንታት ያስመረምራል፣ የ10 ዶላሩ ገዥ ሐሳቡም አይመጣለትም፤ የ100 ዶላሩ ገዥ ግን ለመመርመር ውድ፣ ለመታለል ደግሞ በቂ ገንዘብ ይዞ መሐል ላይ ይቆማል። ፎርጅዱ የሚመቸውም በዚሁ መካከለኛ ዋጋ ላይ ነው። በዚያ ላይ ዶቃ ሊደባለቅ ይችላል፦ ከ33ቱ አምስቱ ሐሰተኛ ቢሆኑ፣ አንዱን ብቻ በዘፈቀደ የፈተነ ሰው ሐሰተኛ ዶቃ የማግኘት ዕድሉ 15 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ አሥሩን የፈተነ ግን 86 በመቶ ይደርሳል።

ጥቁሩ ኮራል፣ በዐረብኛ ዩስር የሚባለው፣ ለብቻው የሚታይ ነው፤ ካርቦኔት ሳይሆን እንደ ቀንድ ያለ ነገር በመሆኑ የጋለ መርፌ ሲነካው የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ዝርያዎቹ በዓለም አቀፉ የዱር ሕይወት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ፣ ገዥው ድንበር ከማሻገሩ በፊት የፈቃድ ሰነድ ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

የሊባኖስ ሁኔታ ችግሩን ያባብሰዋል። ከ2019 የገንዘብ ቀውስ በፊት በ1,507.5 ለአንድ ዶላር ተቸንክሮ የነበረው ፓውንድ ወደ 89,500 በመውረዱ ከ98 በመቶ በላይ ዋጋውን አጥቷል፤ ባንኮች ተቀማጭን ስላገዱም ግብይቱ በአብዛኛው በጥሬ ዶላር ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ ገንዘብን በዕቃ ማስቀመጥ ያጓጓል፤ መቁጠሪያ ግን እንደ ወርቅ በግራምና በካራት ተለክቶ ስለማይሸጥ፣ መልሶ ለመሸጥ ሲፈለግ የማጣራት ወጪው እንደገና ይመጣል።

የሠፈሩ ነዋሪ ይህን ወጪ በከፊል በትውውቅ ይተካዋል፤ ባለሱቁ ነገም ስለሚያገኘው አንዴ አታልሎ ብዙ ደንበኛ ማጣት አያዋጣውም። ኮንትራቷን ጨርሳ ለዘመድ ስጦታ የምትገዛው ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ግን ዳግመኛ እንደማትመለስ ባለሱቁ ይገምታል። ለእርሷ የሚበጀው ዶቃው ተፈጥሯዊና ቀለም ያልነካው መሆኑን፣ ካልሆነም ገንዘቡ እንደሚመለስ የሚገልጽ ደረሰኝ መጠየቅና በአካባቢው የምትቀር ጓደኛን የተመላሹ ገንዘብ ተቀባይ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ደረሰኝ መጻፍ ለሐቀኛው ነጋዴ ወጪ የለውም፣ ለአታላዩ ግን ሙሉውን ገንዘብ የመመለስ ዕዳ ነው፤ አልጽፍም ያለውን ነጋዴ ዕቃ ገዥዋ በተነከረ ኮራል ዋጋ ብትከራከርበት ተገቢ ነው።