«ኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ» ምንድን ነው? ከኤምአርአይ እስከ ፕሮቲን ጥናት

ከእነዋሪ ለኤምአርአይ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈላቸው ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው «ጨረሩ አይጎዳም ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ኤምአርአይ እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ያለ ጨረር አይጠቀምም። የቴክኒኩ መነሻ ስም «ኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ» ሲሆን፣ «ኒውክሌር» የተባለው የአቶምን እምብርት ለማመልከት ነው።

እንዴት ይሠራል?

በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን እምብርት እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ሆኖ የሬዲዮ ሞገድ ሲደርሰው ምልክት ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩ ያንን ወደ ምስል ይቀይረዋል።

ለፕሮቲን ጥናት ምን ይጠቅማል?

ፕሮቲን ሲባል ምስርና እንቁላል ትዝ ይሉን ይሆናል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንና ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊንም ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን በትክክል ካልታጠፈ ሥራው ይስተጓጎላል፤ አልዛይመርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኩርት ቩትሪክ በዚህ ቴክኒክ የፕሮቲንን ቅርጽ ማወቅ የሚቻልበትን ዘዴ በማዳበራቸው እ.ኤ.አ. በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ብርሃኑስ?

የቴክኒኩ ችግር ምልክቱ ደካማ መሆኑ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች በፕሮቲኑ ፈሳሽ ላይ ጥቂት ቀለም (ለምሳሌ የቫይታሚን ቢ2 ዘመድ የሆነውን ፍላቪን) ጨምረው ሌዘር ያበሩበታል። ብርሃን ያገኘው ቀለም በፕሮቲኑ ገጽ ላይ ያሉትን ታይሮሲን፣ ትሪፕቶፋንና ሂስቲዲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ሲያገኝ የእነሱ ምልክት ይጎላል። ወደ ውስጥ የተደበቁት ግን አይጎሉም። በዚህም የትኛው ክፍል ውጭ፣ የትኛው ውስጥ እንዳለ ይታወቃል።

ይህ በላቦራቶሪ ቱቦ የሚሠራ ምርምር ነው፤ ለታካሚ የሚታዘዝ ምርመራ ወይም ሕክምና አይደለም። «በዚህ ዘዴ እናክማለን» የሚል ካጋጠመዎ ከመክፈልዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ኤምአርአይ ከታዘዘልዎ አስቀድመው የሚናገሩት

• የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ወይም በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት ካለዎት
• በሰውነትዎ፣ በተለይ በዓይንዎ፣ የቀረ ጥይት፣ ፍንጣሪ ወይም የብረት ብናኝ ካለ
• እርጉዝ ከሆኑ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት

የብረት መስቀል፣ ሐብል፣ የጸጉር ሽቦና ስልክ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጡ። ማግኔቱ ሁልጊዜ ስለሚሠራ ይህ አስታማሚንም ይመለከታል። ማሽኑ ይጮኻል፤ የጆሮ መከላከያ ይጠይቁ። ጨረር ፈርተው ግን ቀጠሮዎን አያሳልፉ።