ጎረቤት ቀድሞ ሲጮኽ፦ የፉትቦል ስርጭት ከዲሽ ወደ ኢንተርኔት

ከሲያትል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የተዛወረ የሲሆክስ ፉትቦል ቡድን ደጋፊ እሁድ ከቀትር በኋላ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የዋሽንግተን ኮማንደርስን ወይም የባልቲሞር ሬቨንስን ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤን ኤፍ ኤል፣ የእሁድ ከቀትር በኋላ ጨዋታዎቹን የሚሸጠው ለሲቢኤስና ለፎክስ ነው፤ በየከተማው ያሉ ጣቢያዎችም የሚያሳዩት ለአካባቢያቸው የተመደበላቸውን ነው። አገሪቱ በ210 የቴሌቪዥን ገበያዎች ተከፋፍላለች። ሊጉ የቡድኖቹን የስርጭት መብት ጠቅልሎ እንዲሸጥ የፈቀደለትም እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ ሕግ ነው። ከገበያው ውጭ ያለ ጨዋታ ማየት የሚሻ ሰው ሰንደይ ቲኬት የተባለውን ጥቅል ይገዛል።

ጥቅሉ ከ1994 እስከ 2022 ድረስ በዋናነት ወደ ቤት ይገባ የነበረው በዳይሬክት ቲቪ ሳተላይት ነበር። ከ2023 ጀምሮ ግን ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው በዩቲዩብ ነው። በየሰፈሩ ክርክሩ ስለ ዋጋና ስለ ምስል ጥራት ነው። ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ምስሉ ወደ ቤት የሚደርስበት ዘዴ ከሥሩ ተቀይሯል።

ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሳተላይት አንድ ዙር የሚጨርሰው ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ በምትዞርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከታች ለሚያየው ሰማይ ላይ የተሰቀለ ያህል አይንቀሳቀስም፤ ዲሹም አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ዘወር ማለት አያስፈልገውም። አርተር ክላርክ ይህ ምሕዋር ለስርጭት እንደሚያገለግል የጻፈው ገና በ1945 ነበር። ከዚያ ከፍታ የሚለቀቅ ጨረር አገሪቱን በሙሉ ያለብሳል። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ይህ ነው፦ በዲሹ ዘመን ሁሉም ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ በእያንዳንዱ ጣሪያ ላይ ይወርዱ ነበር፣ በከፈለውም ባልከፈለውም ላይ። የሲያትል ጨዋታ ሜሪላንድ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም። ያልከፈለውን ያገደው ምስጠራው ብቻ ነበር፤ ሪሲቨሩ ቁልፉን ካላገኘ የወረደውን ምልክት ሊፈታው አይችልም።

ሳተላይት ነጋሪት አስጎስሞ አዋጅ እንደሚያስነግር ነው፤ ሰሚው አሥር ቢሆን አሥር ሺህ አዋጁ አንድ ነው። ስትሪሚንግ ግን ለየቤቱ የተለየ መልእክተኛ ይልካል። አንድ ሚሊዮን ሰው ከተመለከተ አንድ ሚሊዮን ቅጂ መላክ አለበት። ኩባንያዎቹ ሸክሙን ለማቅለል ቅጂውን በየከተማው በተተከሉ ሰርቨሮች ያከፋፍሉታል፤ የመስመሩ ፍጥነት ሲወርድም ጥራቱን ዝቅ ያደርጋሉ። እንደዚያም ሆኖ ሕዝብ ባንዴ ሲጎርፍ ይጨናነቃል። በኖቬምበር 2024 ኔትፍሊክስ የማይክ ታይሰንንና የጄክ ፖልን የቦክስ ግጥሚያ ሲያስተላልፍ ምስሉ እየቆመባቸው ያማረሩ ተመልካቾች ብዙ ነበሩ።

መዘግየቱስ? እዚህ ላይ ሒሳቡ ያስገርማል። ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ የሚመለስ ምልክት ከ71,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቢጓዝም በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ የሚፈጅበት ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ምስሉን ለመጭመቅና መልሶ ለመፍታት የሚወስደው ጊዜ ሲጨመርበት ጥቂት ሰከንዶች ይሆናል። በኢንተርኔቱ መንገድ ደግሞ ብርሃን በፋይበር ገመድ ከአንዱ የአሜሪካ ጠረፍ ወደ ሌላው ለመድረስ የሰከንድ መቶኛ ጥቂቶች ይበቁታል። እንግዲያው አጭሩ መንገድ ለምን ዘገየ? ስትሪሚንግ ምስሉን ጥቂት ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል፤ በተለመደው አሠራር አንዱ ቁራጭ ተቀርጾ ሳያልቅ መላክ አይጀምርም። የተመልካቹ መሣሪያም መስመሩ ድንገት ቢደክም ምስሉ እንዳይቆም በርካታ ቁርጥራጮችን ቀድሞ ያጠራቅማል። የተጠራቀመው በበዛ ቁጥር ምስሉ ይረጋጋል፣ ሰዓቱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ስትሪሚንግ ከሜዳው ከ20 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። በፉትቦል ውስጥ ይህ ትልቅ ጊዜ ነው፤ አንድ ሙሉ የማጥቃት ሙከራ ተጀምሮ ያልቅበታል። አዲስ አበባ ውስጥ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በኢንተርኔት እየተከታተለ ከጎን ካለው የዲሽ ቤት የጎል ጩኸት የሰማ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ዲሽም የራሱ ድክመት አለው። ምልክቱ የሚላክበት ሞገድ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። ከዋሽንግተን አካባቢ ሳተላይቱ ያለው በደቡብ ምዕራብ ሰማይ ነው፤ በዚያ አቅጣጫ ዛፍ ወይም ፎቅ ከጋረደው ተስፋ የለም። በኦክቶበር መጀመሪያም ፀሐይ ለጥቂት ቀናት ከቀትር በኋላ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች፤ የራሷ የራዲዮ ጨረር ምልክቱን ለደቂቃዎች ሊያደበዝዘው ይችላል። ከሁሉም የሚብሰው ግን የመኖሪያው ነገር ነው። የአሜሪካ ሕግ ተከራይ በራሱ በረንዳ ላይ ትንሽ ዲሽ እንዲሰቅል መብት ይሰጠዋል፤ በረንዳው ወደ ሰሜን ከዞረ ግን መብቱ ምን ይፈይዳል? በዋሽንግተን አካባቢ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዎች ለሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ስትሪሚንግ በር ከፍቷል።

እኔ የማልቀበለው ምርጫው ከተመልካቹ እጅ መውጣቱን ነው። መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ጨዋታዎቹን በዳይሬክት ቲቪ ማግኘታቸው ሲቀጥል፣ ዲሽ ጣሪያው ላይ የተሰቀለለት ቤተሰብ ግን በውል ምክንያት ወደ ዘገየው መንገድ ተገፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጁሪ የሰንደይ ቲኬት አሸጣጥ ውድድርን የሚገድብ ነው ብሎ ሊጉ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወስኖ ነበር፤ ዳኛው ግን ውሳኔውን ሽረውታል።

ለቀጥታ ስፖርት፣ ሰማዩ ክፍት ለሆነለት ቤት፣ ዲሽ አሁንም የተሻለ መሣሪያ ነው። በኢንተርኔት የሚመለከቱ ከሆነ ቴሌቪዥኑን ከዋይፋይ ይልቅ በገመድ ያገናኙት። አንድ የሦስት ሰዓት ጨዋታ በጥሩ ጥራት 8 ጊጋባይት ያህል ስለሚበላ የመስመርዎን ገደብ አስቀድመው ይዩ። መተግበሪያው መዘግየትን የሚቀንስ ምርጫ ካለው፣ መስመርዎ ጠንካራ ሲሆን ብቻ ይጠቀሙበት። ከሁሉ በፊት ግን የስልክዎን የውጤት ማሳወቂያ ያጥፉ።