ታጠቅ፤ ከፈረስ ወደ ሰው የመጣ ስም

ከዳንግላ አብሮኝ የመጣ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ስሙ ታጠቅ ይባላል። ለምዝገባ ተሰልፈን ሳለን አንድ ተማሪ «ምን ልታጠቅ? መቀነት ነው ወይስ ጠመንጃ?» ብሎ ቢቀልድበት ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ማታ ግን «ስሜን በፍርድ ቤት ባስለውጥ ምን ይመስልሃል?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ ስላላረካኝ ይህን ጻፍሁ።

ቃሉ ትእዛዝ ነው፤ ወገብህን እሰር፥ መሣሪያህን ያዝ፥ ተዘጋጅ ማለት ነው። ስመ ጥር ያደረገው ግን ሰው ሳይሆን ፈረስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ሲወለዱ ካሣ ተባሉ፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ቴዎድሮስ ተባሉ፤ በጦር ሜዳ ግን አባ ታጠቅ ነበሩ። «አባ» እዚህ ላይ መነኵሴን አያመለክትም፤ ባለቤት ማለት ነው፤ የታጠቅ ጌታ።

የነዚህን ስሞች ሰዋስው ልብ ብላችሁ እዩ። የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዝብዝ፥ የዐፄ ምኒልክ ዳኘው፥ የራስ መኰንን ቃኘው፥ ሁሉም ትእዛዝ ናቸው። ጌታው ለፈረሱ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው እንዳንል፥ ወታደሩ «አባ ታጠቅ!» እያለ በጠራ ቍጥር ትእዛዙ ተመልሶ በጌታው ላይ ይወድቃል። የራስ አሉላው ነጋ ግን ከዚህ ወጣ ይላል፤ እሱ የምሥራች ነው። ልማዱ በኦሮሞም ዘንድ የጸና ነው፤ የጅማው አባ ጅፋር የተጠራው በፈረሱ ስም ነው። ታላቁ እስክንድር እንኳ በፈረሱ በቡኬፋሎስ ስም ከተማ ሰየመ እንጂ ራሱን በፈረሱ አላስጠራም።

ፈረሶቹ ሞተው ስማቸው ቀረ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ጦር ቃኘው ተባለ፤ በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያ የሠለጠነበት የጦር ሰፈርም ታጠቅ ተባለ። ሕፃናትም ዳኘው፥ ቃኘው፥ ታጠቅ ይባላሉ።

ለአዊ ልጅ «ስምህ የፈረስ ስም ነው» ማለት ስድብ ሊሆን አይገባውም ነበር። በእኛ አገር ፈረስ ያርሳል፥ ጭነት ያመላልሳል፥ ሠርግና ለቅሶ ላይ ይቆማል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር፥ ዐድዋ የዘመቱት ፈረሶችም ከአርበኞቹ ጋር ይታሰባሉ።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ብነግረው «እኔን ግን ማን እንዲህ ብሎ ጠራኝ?» አለና ወደ ዳንግላ ደወለ። አባቱ የቴዎድሮስን ነገር አላነሡም። ታጠቅ የአያቱ ፈረስ ስም ኖሯል፤ አያትየው በተቀበሩ ዕለት ፈረሱን ከነጌጡ ከአስከሬኑ በኋላ ሲስቡት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ልጁ የተወለደው በዚያው ክረምት ነው።

ማመልከቻው ተጽፎ አልቆ ነበር፤ እስካሁን በመጽሐፉ ውስጥ ታጥፎ አለ።