የአንጎል ፈንገስ፣ ሲዲ ፎርና የጊዜው ጥያቄ

ፈንገስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጭርትና ቋቁቻን ነው፤ ያሳክካል፣ ያሳፍራል እንጂ ይገድላል ብሎ የሚሰጋ የለም። ኤድስ ይህን ግምት አፍርሶታል። እ.ኤ.አ. በ1981 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሎስ አንጀለስ ስለታመሙ አምስት ወጣት ወንዶች አንድ አጭር ሪፖርት ወጣ። አምስቱንም የያዛቸው ብርቅ የሆነ የሳንባ ምች ነበር። የምቹ መንስኤ ኒውሞሲስቲስ ያኔ ከጥገኛ ተሕዋስያን ይመደብ ነበር፤ ፈንገስ መሆኑ የታወቀው በ1988 ነው። አምስቱም ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ጭምር ነበረባቸው። የኤድስ ታሪክ ከመጀመሪያው ገጹ የፈንገስ ታሪክም ነበር ማለት ይቻላል።

ምክንያቱ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ኤች አይ ቪ ከእነዚህ ውስጥ ሲዲ ፎር የተባሉትን ለይቶ ያጠፋል። ሲዲ ፎር በክሊኒክ ደጃፍ የሚጠየቅና የሚነገር ቁጥር ሆኖ ቀርቷል፤ ሥራው ግን ብዙም አይነገርም። እነዚህ ሕዋሳት ፈንገሱን ራሳቸው አይውጡትም፤ የሚውጡትን ያዝዛሉ። ትእዛዙም እንደ ቦታው ይለያያል። ሳንባ ውስጥ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን ኬሚካል ሲለቁ፣ ማክሮፋጅ የሚባለው ዋጭ ሕዋስ ይበረታና የዋጠውን ፈንገስ ይገድላል። አፍና ጉሮሮ ላይ ደግሞ የሚለቁት ኢንተርሉኪን 17 የተባለ ኬሚካል ሽፋኑን ይጠብቃል። ሲዲ ፎሩ የወረደ ሰው አፉ በነጭ የካንዲዳ ሽፋን የሚሞላው ለዚህ ነው። ይኸው ሰው ካንዲዳ ወደ ደሙ የሚገባበት ግን ከስንት አንዴ ነው፤ ደሙን በዋናነት የሚጠብቁት ኒውትሮፊል የተባሉ ሌሎች ሕዋሳት ናቸውና። የካንሰር መድኃኒት ኒውትሮፊሉን ያሟጠጠበት ሰው ሥጋቱ የተገላቢጦሽ ነው።

ከቲ ሴሎች መካከል ፍሬን የሚይዙም አሉ። የ2025 የሕክምና ኖቤል ለሺሞን ሳካጉቺ፣ ለሜሪ ብራንኮውና ለፍሬድ ራምስዴል የተሰጠው ስለ እነዚህ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት ባደረጉት ምርምር ነው። ለፈንገስ ታማሚ ጉዳዩ የወረቀት ነገር አይደለም። ብግነቱ ልክ ካጣ፣ ፈንገሱ ያልጎዳውን ሥጋ መከላከያው ራሱ ይጎዳዋል።

ይህ ጎልቶ የሚታየው ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ በሚያመጣው ማጅራት ገትር ላይ ነው። እኛ አገር በበጋ በወረርሽኝ ከሚመጣው ማጅራት ገትር ይለያል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ፈንገሱ በአፈርና በርግብ ኩስ ውስጥ ይኖራል፣ በትንፋሽ ይገባል። ጤነኛ ሰው ሳንባው ውስጥ ከብቦ ይይዘዋል። ሲዲ ፎር ከ100 በታች ሲወርድ ግን ክበቡ ይላላና ፈንገሱ ወደ አንጎል ይሻገራል። ለሳምንታት የማይለቅ ራስ ምታት ይጀምራል፣ የዓይን ብርሃንም ሊደክም ይችላል። ከታማሚው ወገብ በመርፌ ከተቀዳው ፈሳሽ ጠብታ ወስደው ጥቁር ቀለም ቀላቅለው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ በጠቆረው መደብ ላይ ክብ ክብ ብርሃን ይታያል። ቀለሙ የማያልፈው የፈንገሱ ወፍራም ሽፋን ነው፤ ከማክሮፋጅ የሚያስጥለውም ይኸው ሽፋን ነው። በ2022 የወጣ ግምት በዓመት 152,000 ሰዎች እንደሚያዙና 112,000 እንደሚሞቱ ያሳያል፤ አብዛኞቹ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ናቸው።

እንግዲህ የዓመታቱ ጥያቄ ይህ ነው፤ መከላከያውን የሚመልሰው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መቼ ይጀመር? መልሱ “ዛሬውኑ” ይመስላል። በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ 177 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2014 የታተመው ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ። በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጀመሩት 45 በመቶ፣ አምስት ሳምንት ገደማ ከቆዩት ደግሞ 30 በመቶ በስድስት ወር ውስጥ ሞቱ። ጥናቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። በጣም የተጎዱት የአከርካሪ ፈሳሻቸው ውስጥ ነጭ ሕዋስ እምብዛም ያልነበራቸው ናቸው። ፈንገሱ ገና ሞልቶ ሳለ መከላከያው በድንገት ሲነቃ፣ መላወሻ በሌለው የራስ ቅል ውስጥ ብግነት ይነሣል የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ነው። ሆኖም በሐኪሞቹ ዓይን የታየው የብግነት ሕመም በሁለቱ ወገኖች መካከል ያን ያህል አልተራራቀም፤ ስለዚህ ሁሉንም ሞት በእሱ ማመካኘት ይከብዳል።

ብግነቱ ነው ጠላት ካልን በስቴሮይድ ማብረድ ነበራ! ተሞክሯል። በእስያና በአፍሪካ 451 ታማሚዎች የተሳተፉበት የዴክሳሜታሶን ሙከራ በ2016 ሲታተም፣ መድኃኒቱ ፈንገሱ ቶሎ እንዳይጠፋ አድርጎ የአካል ጉዳት ጨምሮ ተገኘ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በደቡብ አፍሪካ በተቃራኒው ኢንተርፌሮን ጋማ በመርፌ ተሰጥቶ ነበር። ፈንገሱ ቶሎ ጠፋ፤ ጥናቱ ትንሽ በመሆኑ ሞት መቀነሱ ግን አልታየም። እኔ ከሁለቱ የምረዳው ምላሹን በጅምላ ከማብረድ ወይም ከማቀጣጠል ይልቅ ቅደም ተከተሉ እንደሚበልጥ ነው፤ መጀመሪያ ፈንገሱን መቀነስ፣ ቲ ሴሎቹን ከዚያ መመለስ።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህንኑ ይዟል፤ የፈንገስ ሕክምናው ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት። ለመጀመሪያው ሥራ በ2022 በአምስት የአፍሪካ አገሮች የተፈተነው ሕክምና፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲንና በሁለት ሳምንት የፍሉሳይቶሲንና የፍሉኮናዞል እንክብል፣ ከቀድሞው አድካሚ ሕክምና ያላነሰ ውጤት አምጥቷል። ከጣት በሚወሰድ ደም በደቂቃዎች የሚደርሰው ምርመራ ደግሞ ራስ ምታቱ ሳይጀምር ፈንገሱን ይይዛል።

ይሁንና የ2014ቱ ጥናት የተሠራው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ቀምሰው በማያውቁ ሰዎች ላይ ነው። ዛሬ በዚህ ሕመም ሆስፒታል ከሚገቡት ብዙዎቹ መድኃኒቱን ጀምረው ያቋረጡ ወይም በቅርቡ የጀመሩ ናቸው። እነሱ ያቁሙ፣ ይቀጥሉ ወይስ ይቀይሩ የሚለው አሁንም ሐኪሞችን ያከራክራል።