የጨጓራ ቁስልና የኬሚስቶች ቀለበት

በመንዝ ደጋ፣ በራቤልም ሆነ በሌላው አገራችን፣ ጨጓራውን ለሚያመው ሰው የተለመደው ምክር «ተልባ ጠጣ፤ በርበሬ ተው» የሚል ነው። ይህ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግስ እንደሆነ እንጂ የቁስሉን መነሻ አያጠፋም።

አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ1982 እ.ኤ.አ. ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ተሕዋስ ከጨጓራ አውጥተው አሳዩ፤ ለዚሁም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አስፕሪንን የመሰሉ ማስታገሻዎችም ጨጓራን ያቆስላሉ።

ኬሚስቶችም በበኩላቸው ካርቦንንና ናይትሮጅንን በቀለበት አምሳል አያይዘው መድኃኒት ሠርተዋል። በጀምስ ብላክ መሪነት ተገኝቶ በ1976 ለሽያጭ የቀረበው ሲሜቲዲን፣ አሲድ እንዲመነጭ የሚያዘውን ሂስታሚን በር ላይ ቀድሞ ይዘጋበታል። በ1988 የወጣው ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲድ አመንጪውን ራሱን ያስቆማል።

ይሁን እንጂ አሲዱ ቢቀንስም ተሕዋሱ ካልሞተ ቁስሉ ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪም ኦሜፕራዞልን ከፀረ ተሕዋስያን ጋራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ያዛል። ሕመሙ ሲተወን መድኃኒቱን አቋርጠን የምንተው ስንቶቻችን ነን? ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር ከታየማ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ወደ ሐኪም እንሂድ።