ጉድጓዱ ከተመረቀ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2018 ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ሞዴሎቿንና ካሜራዋን ይዛ ወደ ዳሎል ወረደች። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ጨውና ሙቀት እንጂ ለጉሮሮ የሚሆን ነገር የሌለበት ነው። ስለ ውሃ እጦት እንድትሠራ ያዘዛት ዋተርኤይድ የተባለው የርዳታ ድርጅት ሲሆን ኤች ኤንድ ኤም ፋውንዴሽንም ደግፎታል። በዚያ የተነሱት 12 ፎቶግራፎች በዓመቱ ለንደን፣ ሶመርሴት ሃውስ ውስጥ ለሕዝብ ቀረቡ።

አይዳ አገር ስትዞር መንገድ ላይ ሁሌም የምታገኛቸው ውሃ ቀጂ ሴቶች ለሥራው መነሻ ሆነዋታል። በፎቶዎቿ ውስጥ ግን አንዲትም ሴት አትለምንም። ደማቅ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ለብሰው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የርዳታ ማስታወቂያዎች ያስለመዱን የሚያለቅስ ሕፃን የለም። ለውሃ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሥዕል መሸጥ የሚያስብ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው፤ የሰውን ክብር ሸጦ ውሃ ማውጣት አያስፈልግምና።

ጥበብ ገንዘብ እንደሚያመጣማ ታይቷል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2008 ኒውዮርክ ላይ አርቲስቱ ዴሚየን ኸርስት ከዘፋኙ ቦኖ ጋር ሆኖ የአርቲስቶችን ሥራ በጨረታ ሲያሸጥ፣ በአንድ ምሽት ከ42 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለፀረ ኤድስ ትግል ተገኝቷል። ከባዱ ሥራ ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ያለው ነው።

ለምሳሌ የደምቢያዋን ከተማ ኮላ ድባን እንይ። ከጎንደር ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ሲሉ የሚገኘው የደምቢያ ሜዳ ውሃ አጣ ቢባል ማንም አያምንም። ጣና አጠገቡ ነው፤ ክረምት ሲገባ መገጭና ድርማ ሞልተው ዋልካውን ያጥለቀልቁታል። ነገር ግን ጎርፍ ሜዳ ላይ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ያልተከለለ ምንጭና ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ይከታል። የበዛው ውሃ ራሱ የሚጠጣውን ያበላሻል። ሐይቁም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ወሮታል።

ደምቢያ በጤና ታሪካችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. በ1953 አካባቢ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንንና ነርስ ብቻ አላሰለጠነም፤ ሳኒተሪያንም ጨመረበት። ምንጭ የሚያጎለብት፣ ጉድጓድ የሚከልል፣ መጸዳጃ የሚያስቆፍር ባለሙያ ከጤና መኮንኑ እኩል ወደ ገጠር እንዲወጣ ተደረገ። ዛሬም ቢሆን ይህ አስተሳሰብ የሚሻሻልበት ነገር አይታየንም።

በገጠሩ በብዛት የሚታየው የእጅ ፓምፕ አፍሪዴቭ ይባላል። እጀታው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለች ትንሽ የጎማ ቀለበት ትፋቃለች። ቀለበቷ ስታልቅ እጀታው ይቀልላል፤ ውሃው ብዙ ከተመታ በኋላ ቀጥኖ ይመጣል፤ በመጨረሻም ይቀራል። ፓምፑ የተነደፈው መንደርተኛው ራሱ በጥቂት መፍቻ ፈትቶ እንዲጠግነው ነው። ሆኖም ቀለበቷ ያለችው ከተማ ነው፤ መግዣው ካልተዋጣ፣ ፈትቶ የሚገጥም ካልሰለጠነ፣ በአንዲት ጎማ ምክንያት መንደሩ ሁሉ ወደ ወንዝ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ በገጠር ከ4 የውሃ ተቋማት አንዱ ያህል እንደማይሠራ አሳይቷል። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፤ 20 ኪሎ በጀርባ ማለት ነው። ተቋሙ ሲቆም ይህን ሸክም ከሩቅ የሚያመጡት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

የተሻለ መንገድ ግን እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ተሞክሯል። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የገጠር ውሃ ፕሮግራምና በ2011 የተከተለው ኮዋሽ የተባለ ፕሮግራም፣ የግንባታውን ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (የዛሬው ጸደይ ባንክ) በኩል በቀጥታ ለኅብረተሰቡ ሰጡ። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ለጥገና አስቀድሞ የሚቆጥበው የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ነው። ሰው በእጁ የገዛው ነገር ሲሰበር ዝም ብሎ አያይም።

ቻሪቲ ዋተር የተባለው የአሜሪካ ድርጅትም ጉድጓዱ ከተመረቀ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ አሳስቦታል። መሥራቹ ስኮት ሃሪሰን ራሱ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ጎግል 5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶት፣ ድርጅቱ ፓምፕ ውሃ መስጠቱን ወይም ማቋረጡን ከሩቅ የሚያሳውቅ መሣሪያ አሠርቶ ኢትዮጵያ ውስጥም ተከለ። ቀለበቷን የሚቀይር ሰው መንደሩ ውስጥ ከሌለ ግን መሣሪያው ብቻውን ምንም አያደርግም።

ጎንደር ሰዓሊ አይጠፋባትም። ፋሲል ግንብ አካባቢ በብራናና በሸራ ሠርተው ለጎብኚ የሚሸጡ ባለሙያዎች ጎብኚ ሲጠፋ ገበያቸው ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ እነሱ ያውቁታል። ለደምቢያ ውሃ የሥዕል ሽያጭ ቢዘጋጅ ሰዓሊውን «በነፃ ለግስ» ማለት ተገቢ አይደለም፤ ከዋጋው ድርሻውን ይውሰድ፣ የቀረው ለውሃ ይሁን። ከውሃው ድርሻም ላይ ለመለዋወጫና ለጥገና ሥልጠና የሚውለው ከመጀመሪያው ተለይቶ በኮሚቴው ስም ባንክ ይግባ። ገዢውም ከሥዕሉ ጋር የውሃ ተቋሙን ስምና የቀበሌውን አድራሻ ይቀበል፤ በዓመቱ ደግሞ ተቋሙ እየሠራ መሆን አለመሆኑ በጽሑፍ ይነገረው፣ ቆሞም ከሆነ ምን እንደጎደለ ጭምር።