አንድ ግድግዳ ብቻ ለምን አዲስ ተቀባ?

ቤት ለመግዛት ስታስቡና እንድመረምርላችሁ ስትጠሩኝ፣ መጀመሪያ የማየው የበርና የመስኮት ጥግ ነው። ቦሌን በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ አፈር አለ። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ለዚያ ካልተሠራ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል።

ምልክቱ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ስንጥቅ ነው። ፀጉር የምታክል የልስን ስንጥቅ ብዙም አታሳስበኝም። የአንድ ብር ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ ግን የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያየው ቀብድ እንዳትከፍሉ!

ሻጩ በጂፕሰም ሞልቶ ቀለም ቀብቶበት ይሆናል (ደላላው «ታድሷል» ይላችኋል)። የስልካችሁን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በጎን አብሩ፤ የተሞላው ቦታ እብጠቱ በጥላው ይታያል። በሮቹንም ክፈቱ፣ ዝጉ። ጥግ ላይ የሚይዝ በር ካለ መቃኑን በውኃ ልክ ለኩት።